ማሸትን ሙያ አድርጎ ስለ መያዝ

ባለፉት ሳምንቶች በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ትዳርና ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከነዚያ ሁሉ የተለየ ነው፤ ምናልባትም ከአንባብያን አንዳንዶቹ ርእሱን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨፈግጉ ይሆናል። እኔም ነገሩን በሰማሁበት ዕለት አጨፍግጌአለሁና አልፈርድባቸውም።

ካንድ ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ታላቅ እኅቴ ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤቴ መጡ። ቡናው ገና ሳይፈላ፤ ነጠላቸውንም ከትከሻቸው ሳያወርዱ፤ «ወንድሜ፤ ልጄ ጠፋችብኝ» አሉ። ደነገጥሁ። ምን አገኛት ብዬ ብጠይቃቸው፤ «በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ፤ መሥሪያ ቤት ገብታ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ደመወዟን እየተቀበለች ከኖረች በኋላ፤ ሥራዬን ትቼ ሰው ማሸት ልማር ነው አለችኝ» አሉና እንባቸው መጣ። ባለቤቴ ስኒውን እያቀረበች፤ «እትዬ፤ ይህማ መጥፋት አይደለም» ብትላቸው፤ «በየመንገዱ ዳር ማሳጅ እያለ የተጻፈውን፤ መጋረጃው ቀን በቀን የማይገለጠውን ቤት አላየሽም እንዴ?» ብለው መለሱላት። ባለቤቴም ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ ግን የማስተዋል ዝምታ አልነበረም። በልቤ የእኅቴን ፍርድ እፈርድ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልናገር። የከተማው ሰው ማሳጅ ይለዋል። እሽት ብንለው ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የክረምት መውጫ በቆሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማሸት ብዬ ግሡን ራሱን ስም አድርጌ እጠቀምበታለሁ፤ ሙያውን የያዘውንም ሰው የማሸት ባለሙያ እለዋለሁ።

ማሸት በአባቶቻችን ቤት ያልነበረ ነገር አይደለም። ጌታው ከመንገድ ወይም ከአደባባይ ሲገባ አሽከር እግሩን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ፤ ባቱንና ውስጥ እግሩን እያሸ ድካሙን ያወርድለት ነበር። አራስ ሴት በቅቤ ትታሻለች፤ ሕፃን ገላውን ከታጠበ በኋላ እጅና እግሩ በቅቤ እየታሸ ይሳሳባል፤ ወለምታ ያገኘው ሰው ወጌሻ ይጠራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መነሻዋ ከእንጦጦ እየወረዱ የሚታጠቡበት ፍል ውሃ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እንግዲህ ያስነቀፈው ማሸቱ ሳይሆን፤ የሚያሸው ሰው አሽከር ወይም ገረድ መሆኑ፤ ዋጋውም ደመወዝ ሳይሆን የጌታው በጎ ፈቃድ መሆኑ ነው። በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ በሽታ እንደ ነበረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ራሱ ምስክር ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን በዚያ እሑድ ቡናችንን ይዘን ያንኑ እናስብ ነበር።

በማግሥቱ ልጅቱን አስጠራኋት። ሰላምታ ሰጥታኝ ከተቀመጠች በኋላ፤ «ጋሼ፤ እማማ ልከውዎት እንደ ሆነ አውቃለሁ» አለችና ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። ደብተሩ በአያቷ፤ ማለት በእኔና በእኅቴ እናት፤ የመጨረሻ ዓመት የተጻፈ ነው። እናታችን ግማሽ አካላቸው ከዛለ በኋላ አሥራ አራት ወር አልጋ ላይ ነበሩ። እኛ ልጆቻቸው በየተራ እየሄድን ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠን እንመለስ ነበር፤ ልጅቱ ግን ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ የዛለውን እጃቸውን፤ እግራቸውንና ጀርባቸውን ታሽላቸው ነበር። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዴት እንደሚያዝ አንድ ቀን አሳይቷት ኑሯል። ደብተሩ ውስጥ ቀኑ፤ የታሸው ክፍል፤ እናታችን ያሉት ቃልና የተኙበት ሰዓት ተመዝግቧል። በአንዱ ገጽ «ዛሬ ጣቶቻቸው ተዘረጉ፤ እስከ ንጋት አንድ ጊዜ ብቻ ነቁ» የሚል አነበብሁ። እኔ በዚያን ሌሊት የት እንደ ነበርሁ ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም።

«በመሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ቍጥር ስደምር፤ ሥራዬ ለማን እንደ ጠቀመ አላየሁም፤ ይህን ግን በዓይኔ አየሁ» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም አጎት ነኝና፤ «ልጄ፤ በጎ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የሙያው ስም ረክሷል፤ የረከሰ ስም ይዘሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?» አልኋት። «ስሙን ያጠቡ ሰዎች አሉ፤ አንብበው ይዩት» ብላኝ ሄደች። ያነበብሁትን ባጭሩ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ የፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1894 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የታወቀው የእንግሊዝ ሐኪሞች ጋዜጣ፤ በማሸት ስም ነውር የሚሠራባቸው ቤቶች በከተማው እንደ ተበራከቱ ጽፎ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ጽሑፉ እውነት ነበር፤ ጉዳቱ ግን በእውነት በሚሠሩት ላይም ደረሰ። በዚያን ጊዜ ብዙ አስታማሚ ሴቶች በሐኪም ትእዛዝ በሽተኞችን እያሹ ይተዳደሩ ነበርና፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም ተጠረጠሩ። ከነዚህ ውስጥ ሉሲ ሮቢንሰን፤ ሮዛሊንድ ፓጄት፤ ኤልሳቤጥ ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር የሚባሉ አራት ሴቶች ተሰብስበው መከሩ። ሙያውን ትተው ስማቸውን ማዳን ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በዚያው ዓመት የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር የሚባል አቋቋሙ፤ በማኅበሩም ያልተፈተነ እንዳይገባ አደረጉ።

የደነገጉት ሕግ ጥቂት ነው፤ ግን አጥብቆ ያስራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማሸት ክልክል ሆነ። ሐኪም በተለይ ካላዘዘ በቀር ሴቶቹ ወንድ እንዳያሹ ተወሰነ። ከሐኪሞች ጋዜጣ በቀር በሌላ ማስታወቂያ ማውጣት ተከለከለ፤ ለበሽተኛ መድኃኒት መሸጥም እንዲሁ። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ነገሮች ልብ ብለህ ብታያቸው እያንዳንዱ አንድ የሐሜት በር የሚዘጋ ነው። በ1914 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ በ50 ሴቶች የተጀመረ የወታደር አሺዎች ጓድ ተቋቋመ፤ የቈሰሉት ቍጥር ሲበዛም ጓዱ እጅግ ሰፋ። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሴንት ዳንስታንስ የሚባለው ቤት በጦርነት ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮችን ማሸት እያስተማረ ኑሮአቸውን እንዲመሩ አደረገ። በ1920 ዓ.ም. ማኅበሩ ከንጉሡ ቻርተር ተቀበለ፤ በ1944 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ሆኖ ይኖራል። ሮዛሊንድ ፓጄት በ1948 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ገደማ ሲሞቱ፤ በወጣትነታቸው ያስጠረጠራቸው ሙያ በየሆስፒታሉ የራሱ ክፍል ነበረው።

ይህን ለእኅቴ ባነበው፤ «እነርሱ እንግሊዞች ናቸው» አሉኝ። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ሄድሁ። በጃፓን አገር ማሸት ከጥንት ጀምሮ የዓይነ ስውራን እንጀራ ነው። ሱጊያማ ዋይቺ የሚባል በ17ኛው ምእተ ዓመት የነበረ ዓይነ ስውር ሐኪም፤ ዓይነ ስውራን መርፌ መውጋትንና ማሸትን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቁሟል። በዚያ አገር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ሙያው በሕግ የታሰረ ነው፤ ሦስት ዓመት ተምሮ የመንግሥት ፈተና ያላለፈ ፈቃድ አያገኝም። ለዓይናማዎች አዲስ ትምህርት ቤት መክፈትን የሚገድበውንም ሕግ፤ የዓይነ ስውራንን መተዳደሪያ ይጠብቃል ሲል የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ዓ.ም. አጽንቶታል። በደቡብ ኮሪያም የማሸት ፈቃድ ለዓይነ ስውራን ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ይህን ቢሽር፤ ዓይነ ስውራኑ በሴኡል በሃን ወንዝ ድልድይ ላይ ወጥተው አቤት አሉ፤ ከእነርሱም ራሳቸውን ወደ ወንዙ የወረወሩ ነበሩ። ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት መብታቸውን በአዲስ ሕግ መለሰላቸው። እኅቴ ይህን ሰምተው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፤ «ለእንጀራ እንዲህ ከሆነማ ሥራ ነው» አሉ። ፈቃድ ግን አልሰጡም።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ፤ አንባቢን የሚጠቅመው ይህ ነውና። ልጅን ለዚህ ሙያ ሊሰድ የሚያስብ ወላጅ መጀመሪያ ሊለይ የሚገባው፤ ፊዚዮቴራፒና ማሸት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ፊዚዮቴራፒ፤ በአገራችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጠው ያለ፤ ዓመታት የሚፈጅ የሕክምና ትምህርት ነው። ማሸት ግን አጠር ያለ ነው፤ አጭርነቱም በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ብዙዎቹ ግዛቶች 500 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ፤ የኒው ዮርክ ግዛት 1,000 ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንት አስተምሬ ወረቀት እሰጣለሁ የሚል ቤት ሲገኝ፤ ክፍያውን ከመጠየቅ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ አጥንትና ጡንቻን የሚያስተምረው ማን ነው? ተማሪው በአስተማሪ ዓይን ፊት ስንት ሰው ያሻል? ማሸት የማይገባውንስ ሰው ለመለየት ምን ያህል ሰዓት ይሰጣል? ልጅቱ ይህን ጥያቄ ይዛ አራት ቤት ዞረች። በአንዱ ቤት ሦስተኛውን ጥያቄ ስትጠይቅ፤ «ገንዘብ የከፈለን ሁሉ እናሻለን» ብለዋት ሥቃ ወጣች። በመጨረሻ በአራተኛው ቤት ተመዘገበች። ሥራዋን አልተወችም፤ ከመሥሪያ ቤት በኋላ ማታ ማታና ቅዳሜ ትማር ጀመር። ይህ የእኔ ምክር ነበር፤ ዛሬም ለሌላው እመክረዋለሁ።

የስዊድን ማሸት የሚባለው በየትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የሚሰጠው ነው። ስሙ በ1813 ዓ.ም. በስቶክሆልም የሰውነት ማጠንከሪያ ተቋም ከመሠረተው ከፔር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ይያያዛል፤ የአስተሻሸቱ ክፍሎች ግን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ የሚጠሩት የአምስተርዳሙ ሐኪም ዮሐን ሜዝገር በ19ኛው ምእተ ዓመት በዚያ ስም ስላስለመደ ነው ይባላል። ኤፍለራዥ በመዳፍ ረጅም አድርጎ ወደ ልብ አቅጣጫ ማሻሸት ነው። ፔትሪሳዥ ሊጥ እንደሚታሽ ጡንቻውን እያነሡ መጭመቅ ነው። ፍሪክስዮን በጣት ጫፍ በአንድ ቦታ ጠለቅ አድርጎ መፈተግ ሲሆን፤ ታፖትማን ደግሞ በእጅ ጎን ወይም በተጎነጎነ መዳፍ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። ልጅቱ ይህን ስታስረዳኝ ፔትሪሳዥ በምትለው ላይ ስትደርስ ሠራተኛችን ከጓዳ ሆና፤ «ይኼማ ዳቦ ነው» አለች፤ ሁላችንም ሣቅን። እውነቷን ነው፤ ከልጅነቷ ጀምራ ሊጥ ያሸች ሴት የእጇ ብልሃት ግማሹ አላት።

ማሸት የሚያደርገውንና የማያደርገውን ማወቅ ደግሞ የባለሙያው ሐቀኝነት ነው። የወገብና የአንገት ሕመምን ለጊዜው ያቀላል፤ ጭንቀትን ያበርዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል። ከደም መርዝ ያጥባል፤ ከሩጫ በኋላ የተጠራቀመ አሲድ ያስወጣል የሚባለው ግን በምርመራ አልጸናም፤ ያ አሲድ ሰው ቢታሽም ባይታሽም በአንድ ሰዓት ያህል ውስጥ ራሱ ከደም ይጠፋል። አስተማሪዋ፤ «እፈውሳለሁ ያልሽ ቀን ሙያሽን ትተሽ ጠንቋይ ሆንሽ ማለት ነው» ብለዋት ኑሯል። እኔ ይህችን ሴት አላውቃቸውም፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ ወደ እርሳቸው አዘነበለ።

አሁን ወደ እኅቴ ልመለስ። ትምህርቱ በተጀመረ በአምስተኛው ወር እኅቴ በዋሺንግተን የሚኖረውን ወንድ ልጃቸውን ጠይቀው በአውሮፕላን ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድሁ። ግራ እግራቸውን በበርኖስ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ስትገባ፤ ጉዳዩን ቀለል አድርገው፤ «ነይ እስቲ፤ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልሽበትን ጥበብ እንይ፤ ባቴ ደክሞኛል፤ እሺልኝ» አሏት። እኔ በልቤ እርቅ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ልጅቱ ግን እጇን አልዘረጋችም። ተንበርክካ፤ «እማማ፤ ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ?» አለች። አንዱ ነው አሉ። «ከመቼ ጀምሮ?» ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አሉ። በርኖሱን ገለጠችና ሁለቱን ባቶች በዓይኗ አስተያየች። ግራው አብጧል፤ ቀላም ብሏል፤ በእጇ ጀርባ ብትዳስሰው ከቀኙ ይልቅ ይሞቃል። ተነሣችና፤ «አልነካውም፤ አሁን ሆስፒታል እንሂድ» አለች። እኅቴ ተቈጡ። «ሌላውን በገንዘብ ልታሺ፤ የእናትሽን እግር ተጸየፍሽ?» አሉ። ልጅቱ ተንቀጠቀጠች፤ ቃሏን ግን አልለወጠችም። «ጋሼ፤ መኪናዎን ያስነሡልኝ» አለችኝ።

በሆስፒታል በአልትራሳውንድ ሲታይ በባታቸው ጠልቆ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ሐኪሙ ነገሩን። እንዲህ ያለ እግር ቢታሽ የረጋው ደም ተላቅቆ በደም ሥር ወደ ሳንባ ሊሄድ፤ ሰውንም በድንገት ሊገድል ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከወራት በኋላም ዳኑ። ሐኪሙ፤ «በቤት ማን አሸው?» ብሎ ሲጠይቅ፤ እኅቴ፤ «ልጄ ከለከለችኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንዴት እንደ ነበረ መጻፍ አልችልም።

ስለዚህ በቤታችሁ ማንም አሺ ቢመጣ፤ ባለ ወረቀትም ቢሆን ሰፈር ያወቀው ወጌሻም ቢሆን፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንዳይነካ ከልክሉ፤ አንድ እግሩ ብቻ በድንገት ያበጠውን፤ ትኩሳት ያለበትን፤ ቍስል ወይም የሚተላለፍ የቈዳ በሽታ ያለበትን፤ አጥንቱ ተሰብሯል ተብሎ የሚጠረጠረውን። ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን መታሸት የለባትም። ካንሰር እየታከመ ያለ ሰው፤ ወይም ልብ በሽተኛ፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽ። ወጌሻዎቻችን ብዙ ወለምታ አቅንተዋል፤ እኔም ራሴ ባለ ውለታቸው ነኝ። ነገር ግን ስብራት በመቃ አጥብቀው አስረው ደም እያጣ የሞተውን እጅና እግር ሐኪሞች እስከ ዛሬ ለመቁረጥ ይገደዳሉ፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ይህን ማለት ወጌሻን መስደብ አይደለም።

ከዚያ በኋላ እኅቴ ስለ ሙያው የሚጠይቁት ነገር መልኩን ለወጠ። አይሆንም ማለታቸውን ትተው እንዴት ይሆናል ማለት ጀመሩ፤ ይህም ጥያቄ ከፊተኛው የሚቀል አልነበረም።

አንደኛው የዕቃው ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣው የማሸት ጠረጴዛ ውድ ስለ ሆነ በአናጢ አሠራነው፤ ርዝመቱ 185 ሳንቲ ሜትር፤ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፤ በራስጌው በኩል በሆዱ የተኛ ሰው ፊቱን የሚያሳርፍበት ቀዳዳ አለው። ከፍታው ግን በባለሙያዋ ይለካል፤ ቀጥ ብላ ቆማ ክንዷን ስታወርድ የተጨበጠው እጇ ጠረጴዛውን መንካት አለበት። አናጢው ይህን ሲሰማ፤ «ሰው በጠረጴዛ ይለካል እንጂ ጠረጴዛ በሰው ሲለካ አላየሁም» አለ። ከፍታው ከዚህ ቢበልጥ ባለሙያዋ በሰውነቷ ክብደት መጫን ስለማትችል በአውራ ጣቷ ብቻ ትገፋለች፤ በአውራ ጣት የሚሠራ ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ መገጣጠሚያው ታሞ ሙያውን ይተዋል። ብዙዎች ሙያውን የሚተዉት ገበያ አጥተው ሳይሆን እጃቸው ታሞ ነው። ስለዚህ በክንድና በክርን መሥራትን፤ በቀን ከአራት ወይም ከአምስት ሰው በላይ አለመቀበልን ከመጀመሪያው መልመድ ያስፈልጋል። ገቢን የሚያሰላ ወላጅ ይህን ቍጥር አይርሳ፤ ሱቅ እንደሚከፍት ነጋዴ ደንበኛ በበዛ ቍጥር ትርፍ ይበዛል ብሎ አያስብ።

ቅባቱ ቀላል ነገር ይመስላል። ቅቤ በቤት ለሕፃንና ለአራስ መልካም ነው፤ ለገበያ ግን ይሸታል፤ አንሶላም ያበላሻል። የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት ይሻላል፤ ለአንዳንድ ሰው ግን ሰሊጥም ለውዝም ቈዳውን ስለሚያስቈጣው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከቅባቱ ይልቅ የሚከብደው እጥበቱ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት አንሶላና ሁለት ፎጣ ቢያስፈልግ፤ ለአምስት ሰው በቀን ሃያ ልብስ ይታጠባል፤ በከተማችን ደግሞ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችን እናውቃለን። ልጅቱ በዕቅዷ ውስጥ ይህን አልጻፈችውም ነበር። ሒሳብ አዋቂዋ እርሷ፤ ቤት አስተዳዳሪዋ ግን እናቷ ናቸውና፤ በአንድ ዓይን አይተው፤ «ታንከር የሌለበት ቤት እንዳትከራዪ» አሏት።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማታ ተነጋግረናል። የማሸቱ ክፍል በር ከውስጥ እንዳይቈለፍ፤ በመቀበያው ሁልጊዜ ሌላ ሴት እንድትኖር፤ ዋጋው በግልጥ ተጽፎ እንዲሰቀል፤ ታሺው ሲለብስና ሲያወልቅ ባለሙያዋ ከክፍሉ እንድትወጣ፤ የሚታሸው ክፍል ብቻ ተገልጦ ሌላው ገላ በአንሶላ እንዲሸፈን ተስማማን። እያንዳንዱ ሰው ከመታሸቱ በፊት ስለ ጤናው ተጠይቆ በደብተር ይመዘገባል፤ ደብተሩም በቍልፍ ይቀመጣል። እኔ ስለ ስሙ ስጨነቅ የነበርሁት ሰው ይህን ሁሉ ሳይ፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ካየሁት ሥርዓት የጠበቀ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህን ስል የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።

ያልተስማማንበትም አለ። እኅቴ ሴቶችን ብቻ እንድታሽ ይፈልጋሉ። ልጅቱ፤ ወገባቸው የሚታመም ሽማግሌዎችና ዕርጅና ያሰራቸው አባቶች እንደ አያቷ ናቸውና አልከለክላቸውም ትላለች። እኔም የእነዚያን አራት የሎንዶን ሴቶች ሕግ አስታውሼ፤ ወንዶችን በሐኪም ወረቀት ብቻ ተቀበዪ አልኋት። ልጅቱ፤ «ጋሼ፤ ይህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ነው» አለችኝ። «ሐሜቱ ግን የዛሬ ነው» አልኋት። እኅቴ ሁለታችንንም አይተው፤ «ለአንድ ዓመት ሴት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና እንነጋገራለን» ብለው ቈረጡ። ልጅቱም እጅ ነሣች፤ ደስ ብሏት ግን አይደለም።

ትምህርቷን ባለፈው ወር ጨርሳለች። ቤት አልከፈተችም፤ አንድ ዓመት በሌላ ባለሙያ ሥር ልትሠራ ተዋውላለች፤ ከመሥሪያ ቤቷም የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብታለች። ደመወዟ ከቀድሞው በሲሶ ያንሳል። በዚህ ሳምንት ጠረጴዛው በእኅቴ ሳሎን ቆሟል፤ ማክሰኞ ዕለት ስገባ ሁለት ጎረቤት ወይዘሮዎች ተራ እየጠበቁ ሲጨዋወቱ፤ እኅቴም ደብተሩን ይዘው፤ «እትዬ፤ ከዚህ በፊት ደም ግፊት ተብለው ያውቃሉ?» እያሉ ሲጠይቁና ሲጽፉ አገኘኋቸው።